በሬ ተሸጦ የሚወጣ መንጃ ፈቃድ

ተናጋሪዎቹ ሁለት ናቸው። እትዬ በመርሳ ከተማ የዕቁብ ዳኛ ናቸው። መምህር ወልድያ የሚያስተምር፣ በዕድሜ የሚያንሳቸው ዘመዳቸው ነው። የሚነጋገሩት የከባድ መኪና ሾፌርነት ለመሠልጠን ፈልጎ ገንዘብ ስላጠረው የሀብሩ ወረዳ ወጣት ነው።

እትዬ፦ በዚህ በሀብሩ ትምህርቱን ጨርሶ ቤት የተቀመጠ ልጅ የሚታየው ሁለት ነገር ነው፤ ወይ ሳዑዲ፣ ወይ መንጃ ፈቃድ። የባሕሩን መንገድ ፈርተን መንጃ ፈቃዱን ስንመርጥ ደግሞ አባት ዞሮ የሚያየው የሚያርስበትን በሬ ነው። የከባድ መኪና ሥልጠና ገንዘቡን ባንድ ጊዜ ቁጭ አድርጉ ይላል። በሬው ጥር ላይ ተሸጦ ሰኔ ሲመጣ በምን ይታረሳል? በዕቁባችን ላሉት እናቶች የምነግራቸው አትሽጡ ብዬ ነው። መንጃ ፈቃድ ኪሱ ከትቶ ሥራ ፈትቶ የሚውል ልጅ መናኸሪያው አካባቢ አይጠፋም። አንተ ግን ሾፌርነቱን ትደግፋለህ አሉ። እስቲ አስረዳኝ መምህር።

መምህር፦ በሬው አይሸጥ በሚለው አንድ ነን እትዬ። የምንለያየው ከዚያ በኋላ ነው። አንቱ ሥልጠናው ራሱ ይቅር ይላሉ፤ እኔ ሥልጠናው ይሁን፣ አከፋፈሉ ይለወጥ ባይ ነኝ። ለምን እንደሆነ ከመንገዱ ልጀምር። ወልድያ የአራት አቅጣጫ መጋጠሚያ ናት። ወደ ደቡብ በመርሳና በውርጌሳ አድርጎ ደሴና አዲስ አበባ፣ ወደ ሰሜን በቆቦና በአላማጣ መቀሌ፣ ወደ ምዕራብ በድልብ ሽቅብ ወጥቶ ጋሸና፣ ደብረ ታቦርና ወረታ፣ ወደ ምሥራቅ በጭፍራ በኩል ሚሌ ይገባል። ሚሌ ማለት የጂቡቲ መንገድ ነው፤ የአገራችን ገቢና ወጪ ንግድ ደግሞ ከ90 በመቶ በላይ የሚያልፈው በጂቡቲ ነው። ማዳበሪያው፣ ስንዴው፣ ነዳጁ፣ ብረቱ በዚያ ይገባል። የምሥራቅ አማራ የጅምላ ነጋዴ ዕቃውን የሚያመጣው፣ የግራና ገበሬ ብርቱካኑንና ሽንኩርቱን የሚያወጣው በጭነት መኪና ነው። መኪና በተገዛ ቁጥር ሾፌር ይፈለጋል። ለሀብሩ ልጅ ከእርሻ ቀጥሎ ደጃፉ ላይ ያለው ሥራ ይኸው አስፋልቱ ላይ የሚያልፈው ሥራ ነው። ከሰው ተርታ አስገብቶ ቤተሰብ የሚያስተዳድር ሙያ ሆኖ ሳለ፣ ገንዘብ ያጠረው ሁሉ ይተወው ማለት ሙያውን ገንዘብ ላለው ብቻ መተው ነው።

እትዬ፦ ይሁን። ታዲያ ለምን ይህን ያህል ተወደደ? ማሠልጠኛዎቹ ናቸው የሚበዘብዙን?

መምህር፦ የሚበዘብዝ አይጠፋም። ዋናው ምክንያት ግን ያ አይመስለኝም። ክፍያ ሲባል ሰው የሚያስበው በማሠልጠኛው በር ላይ የተለጠፈውን ዋጋ ነው። ከዚያ በፊት የጤና ምርመራ አለ፣ ምዝገባ አለ። ከዚያ የንድፈ ሐሳቡ ትምህርት፣ የተግባር ልምምዱ፣ ፈተናው ይከተላል፤ የወደቀ ደግሞ እንደገና ይከፍላል። ተሳቢ ያለው ማሠልጠኛ በቅርብ ካልተገኘና ልጁ ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ከሄደ የቤት ኪራይና ምግብ ይጨመራል። ማንም የማይቆጥረው ሌላም አለ፤ በሥልጠናው ወራት የቀረበት የቀን ሥራ። ለድሃ ቤት ይህ የመጨረሻው ብዙ ጊዜ ከሁሉ ይከብዳል፤ ልጁ ባይሠለጥን ኖሮ ያመጣው የነበረው የዕለት ገቢ ነውና። ከማሠልጠኛው ወጪ ደግሞ ትልቁን የሚበላው ተግባሩ ነው። ተሳቢ የሚጎትት መኪና ቆሞ አያስተምርም፤ ነዳጅ ይጠጣል፣ ጎማ ይበላል። ከሐምሌ 2014 ወዲህ የነዳጅ ድጎማው ደረጃ በደረጃ እየተነሣ መጣ። በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ጎማውም መለዋወጫውም ከውጭ የሚገባ ነው። ስለዚህ ዋጋው በምክርና በልመና ይወርዳል ብዬ አላስብም።

እትዬ፦ የልምምዱን ሰዓት አሳጥሮ ማርከስስ? ልጆቹ እኮ ገና ሳይሠለጥኑ በረዳትነት ሲዞሩ መኪና ለምደው ነው የሚመጡት።

መምህር፦ እዚህ ላይ እጅግ እንጠንቀቅ። ረዳትነት ብዙ ያስተምራል፤ ጭነት ማመዛዘን፣ ሸራ ማሰር፣ ጎማ መቀየር፣ ዳገት ላይ ታኮ ማስገባት የሚለመደው እዚያ ነው። ተሳቢ መንዳት ግን ሌላ ነገር ነው። ተሳቢን ወደ ኋላ ለመመለስ መሪው የሚዞረው የተሳቢው ጀርባ እንዲሄድበት ከሚፈለገው አቅጣጫ በተቃራኒ ነው፤ ትንሽ ከበዛ ጎታቹና ተሳቢው እንደ መቀስ ይታጠፋሉ። ይህን እጅ የሚለምደው ደጋግሞ በማበላሸት ነው፤ ማበላሸት ደግሞ ሰፊ ሜዳና ጊዜ ይፈልጋል። ከድልብ ወደ ወልድያ ሲወረድ ያለውን ያስቡት። ልምድ የሌለው ሾፌር ቁልቁለቱን በፍሬን ብቻ ሊይዘው ይሞክራል። ፍሬኑ ሲግል መያዝ ይተዋል፤ ያን ጊዜ ከባድ ማርሽ ላስገባ ቢል መኪናው ፍጥነት ስለያዘ ማርሹ እሺ አይልም። የተማረው ግን ቁልቁለቱ ሳይጀምር ማርሽ ቀንሶ በሞተር እየያዘ ይወርዳል። ከላይ በምን ማርሽ ተጀመረ የሚለው ውሳኔ ከታች ያሉትን ሰዎች ነፍስ ይወስናል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣው ዘገባ በኢትዮጵያ ከ100 ሺህ ሰው 26 ወይም 27 ያህሉ በዓመት በመንገድ አደጋ እንደሚሞት ገምቷል፤ ፖሊስ ከሚመዘግበው ብዙ እጥፍ ነው። ሰዓት ቆርጦ ማርከስም ሆነ በገንዘብ ያለ ሥልጠና መንጃ ፈቃድ ማውጣት ወጪውን መንገድ ላይ ላለው እግረኛ ማስተላለፍ ነው። ስለዚህ ዋጋውም አይወርድም፣ ሰዓቱም አይቀነስ። የቀረን የሚነካ ነገር አንድ ነው፤ መቼ ይከፈል የሚለው።

እትዬ፦ «መቼ» ማለት በዱቤ ነው?

መምህር፦ አዎ፣ በዱቤ። ልብ ይበሉ፣ ይህ በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም፤ ለሌሎች ተፈቅዶ ለሾፌር ሳይፈቀድ የቀረ ነገር ነው። ከ1996 ጀምሮ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ በወጪ መጋራት ነው የሚማረው። ሲገባ ውል ይፈርማል፤ ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ከደመወዙ ቢያንስ 10 በመቶ እየተቆረጠ ይመልሳል። የወልድያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የምግቡንና የመኝታውን ወጪ እንኳ በዚሁ ውል ሊያዛውር ይችላል። አባቱ በሬ ሸጦ ካልመጣ አይመዘገብም ያለው የለም። ማትሪክ ያልመጣለት ወንድሙ ግን፣ ያውም የሚማረው ለወራት ብቻ ሆኖ፣ ሙሉውን ከፍሎ ይግባ ይባላል። ሁለቱ የአንድ እናት ልጆች ናቸው። አገሪቱ ለሁለቱም ሥራ ትፈልጋለች። የዩኒቨርሲቲው ምሩቅ ዛሬ ሥራ ለማግኘት የሚጠብቀውን ዘመን እርስዎም ያውቁታል፤ ለእርሱ ጊዜ ሰጥቶ ለሾፌሩ ጊዜ መንሳት በምንም ሚዛን አልገባኝም።

እትዬ፦ አታወዳድር መምህር። መምህሩን፣ ነርሱን መንግሥት ደመወዙን ይዞ ይቆርጥበታል። ሾፌር ደመወዙንም አበሉንም በእጁ ተቀብሎ ዛሬ ኮምቦልቻ ነገ ሎጊያ ያድራል። ማን ይዞ ያስከፍለዋል? የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ ተብሎ በ2009 የወጣው ዐሥር ቢሊዮን ብር እኮ ስንቱ ጋ ሄዶ ቀረ? የወሰደውም እንደ ችሮታ ቆጠረው፤ የሰጠውም ተከታትሎ አልጠየቀም።

መምህር፦ ያነሡት ትክክለኛ ፈተና ነው፤ ሳልመልስ አላልፈውም። የተዘዋዋሪ ፈንዱ ችግር የመነጨው ገንዘቡ ከማን እጅ እንደወጣ ተበዳሪው ስለማያውቅ ነው። ከሩቅ የመጣ፣ በፖለቲካ ቃል የተሰጠ ገንዘብ ነበር። አንቱ በሚዳኙት ዕቁብ ግን ዕጣ የወጣለት ሰው ዋስ ሳይጠራ ገንዘቡን ይወስዳል?

እትዬ፦ ወላሂ አይወስድም። ዋሱም እንደው ስም ብቻ አይደለም፤ የሚታወቅ ሰው፣ ቢጠፋ ከቤቱ ሄደን የምናገኘው ነው።

መምህር፦ እንግዲህ መልሱ አንቱ ጋ አለ። የጠፋውን ተበዳሪ የመያዙን ዘዴ ዕቁብ ከረጅም ዘመን በፊት ፈትቶታል። ሌላ የሚያሳዝን ማስረጃ ልጨምር። ከሀብሩና ከአካባቢው ወደ ሳዑዲ በጂቡቲ፣ በኦቦክና በየመን የሚሄደውን ልጅ ይውሰዱ። ስለዚህ መንገድ የተደረጉ ጥናቶች እንደሚያሳዩት፣ ደላላው ለብዙዎች «አሁን ሂድ፣ ኋላ ትከፍላለህ» ይላል። ባዶ እጁን ያለ ልጅ ሳንቲም ሳይከፍል ጉዞ ይጀምራል፤ ከዚያ የመን ላይ ተይዞ፣ እየተገረፈ ስልክ ያስደውሉታል፤ ቤተሰቡ መሬት አከራይቶ፣ ከብት ሸጦ፣ ከዘመድ ለምኖ ይልካል። ይህን ሳነሣ ሆዴ ይረበሻል። ግን ሁለት ነገር ያረጋግጣል። አንደኛ፣ ድሃ ቤተሰብ ጊዜ ከተሰጠውና ከተጨነቀ ገንዘብ ያመጣል፤ የማይከፍል ሕዝብ ነው የሚለው ስድብ ሐሰት ነው። ሁለተኛ፣ በዚህ ወረዳ ገንዘብ ለሌለው ወጣት «ኋላ ትከፍላለህ» የሚለው ብቸኛ ሰው ደላላው ሆኖ ቀርቷል። ሕጋዊው መንገድ መጀመሪያ ክፈል ይላል፤ ሕገ ወጡ መጀመሪያ ሂድ ይላል። ልጁ ወደ የትኛው እንደሚያዘነብል ለማወቅ ጥናት አያስፈልግም። ዋስና ውል ያለበት ዱቤ ለሾፌርነት ቢኖር፣ ከደላላው ጋር የሚወዳደር ነገር ቢያንስ አንድ ይኖረን ነበር።

እትዬ፦ ያልከው ልብ ይነካል። ግን ዱቤውን የሚሰጠው ማን ነው? ባንክ ከሆነ ወለድ አለበት። እኔ ሙስሊም ነኝ፣ ከመርሳ ነዋሪም ብዙው ሙስሊም ነው። ለልጄ ሙያ ብዬ ሪባ ውስጥ አልገባም። እንደ እኔ የሚሉ እናቶች ሞልተዋል፤ ይህን የሚጠይቀን ሰው ግን አላጋጠመኝም።

መምህር፦ ይህ ሐሳብ ከከተማ የሚመጡ የብድር ፕሮግራሞች ዘወትር የሚዘሉት ነው፤ በማንሣትዎ ደስ ብሎኛል። የአማራ ብድርና ቁጠባ፣ በኋላ ጸደይ ባንክ የሆነው፣ በቡድን ዋስትና ለገጠሩ ሕዝብ ብዙ ሠርቷል፤ የወለድ ብድር አልፈልግም ለሚል ቤት ግን በሩ ጠባብ ነው። ከ2013 ወዲህ እንደ ዘምዘምና ሂጅራ ያሉ ከወለድ ነፃ ባንኮች ተከፍተዋል፤ የንግድ ባንክም የዚሁ ዓይነት አገልግሎት አለው። እነሱ ግን መያዣ ያለው ነጋዴ ላይ ማተኮራቸው አይቀርም። እኔ የማስበው ከባንኩ ቀርቦ ያለውን ነው። ማሠልጠኛው ራሱ ዋጋውን ከሁለት ወይም ከሦስት ከፍሎ ቢቀበል ወለድ የለበትም፤ በታወቀ ዋጋ የሚደረግ የዱቤ ሽያጭ ነው። የቀረውን ዕቁቡ ይሙላ። ለምሳሌ ሃያ ሴቶች በሳምንት አንድ አንድ ሺህ ብር ቢጥሉ በየሳምንቱ ሃያ ሺህ ብር ይሰበሰባል። ከሃያዎቹ አንዷ ልጇ ሊሠለጥን ከሆነ የመጀመሪያው ዕጣ ይሰጣት፤ ከዚያ በኋላ ባሉት ዐሥራ ዘጠኝ ሳምንታት ትከፍላለች። ወለድ የለም፣ በሬውም በረት ውስጥ ነው። የሥልጠናው ዋጋ ከዚህ ከበለጠ ሌላዋ ዕጣዋን ልታበድራት ትችላለች። የሚከፍሉበት ጊዜ ደግሞ ጤፉና ማሽላው ከተሰበሰበ በኋላ እንዲሆን ቢታሰብ ይመረጣል። ገበሬው በታኅሣሥ እህሉን ለዕዳ ሲል በርካሽ እንዳያራግፍ እንጂ፣ የመከሩ ወቅት ቤት ውስጥ ገንዘብ የሚታይበት ወቅት ነው።

እትዬ፦ መሬቱን አስይዞ መበደርስ? አሁን ተፈቅዷል ይባላል።

መምህር፦ በክልላችን በ2009 የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ የመጠቀም መብትን አስይዞ መበደርን ፈቅዷል። ለመስኖ ሞተር፣ ለከብት ማድለቢያ ይሁን። ለመንጃ ፈቃድ ግን አልመክርም። የመስኖ ሞተሩ እዚያው መሬት ላይ ሠርቶ ዕዳውን ይከፍላል፤ መንጃ ፈቃድ ግን ልጁ ፈተና ሊወድቅበት፣ ሊታመም፣ ሥራ ሊዘገይበት ይችላል። በአንድ ልጅ ዕድል ላይ የመላው ቤተሰብ መሬት መቀመጥ የለበትም።

እትዬ፦ ባለ መኪናዎቹስ? ሾፌር ጠፋ እያሉ የሚያማርሩት እነሱ ናቸው። ለምን እነሱ አይከፍሉም?

መምህር፦ መክፈል ይችላሉ፤ ሲከፍሉ ግን ውሉ በደንብ መታየት አለበት። በአሜሪካ ትልልቅ የጭነት ኩባንያዎች ከሚያሠለጥኗቸው ሰዎች ቅድሚያ ገንዘብ አይጠይቁም፤ በምትኩ ለተወሰነ ጊዜ፣ ብዙ ጊዜ ለአንድ ዓመት ያህል፣ እንዲያገለግሉ ያስፈርማሉ። ከዚያ በፊት የለቀቀ ብዙ ጊዜ የሥልጠናውን ሙሉ ዋጋ ይጠየቃል። ስቲቭ ቪሴሊ የተባለ የማኅበረሰብ ሳይንስ ተመራማሪ በ2016 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ እንዳሳየው፣ ብዙ ጀማሪ ሾፌር በዚያ ዕዳ ምክንያት ዝቅተኛ ክፍያና ረጅም ሰዓት ችሎ ይቀመጣል። በዚያ አገር ወደ ጭነት ሥራ የገቡ ኢትዮጵያውያን ብዙ ናቸው፤ ይህን ውል የሚያውቁት አይጠፉም። ብሪታንያ ደግሞ በ2021 እ.ኤ.አ. የሾፌር እጥረት ሲገጥማት ለብዙ ሺህ ሰዎች ሥልጠናውን መንግሥት እንዲከፍል አደረገች፤ ዕዳው በሠልጣኙ ላይ አልተጫነም። እኛ የብሪታንያ ካዝና የለንም። ስለዚህ ባለ መኪና ይክፈል ካልን፣ ዕዳው ልጁ በሠራ ቁጥር በየወሩ እየቀነሰ እንዲሄድ መጻፍ አለበት። ስድስት ወር ያገለገለ ግማሹን እንደከፈለ ይቆጠር። መንጃ ፈቃዱን ባለ መኪናው ይዞ ማስቀመጥ በፍጹም አይፈቀድ፤ የልጁ ነው። ሌሊት አልነዳም፣ ከልክ በላይ አልጭንም ብሎ ቢባረር ዕዳው እንዳይከተለው ይሁን። ይህ ካልተጻፈ የሥልጠናው ዕዳ ሾፌሩን ሳይተኛ እንዲነዳ የሚያስገድድ በትር ይሆናል፤ ድካም ላይ ያለ ሾፌር ደግሞ ምን እንደሚያደርስ እናውቃለን። በነጠላ ባለ መኪናና በአንድ ልጅ መካከል ከሚሆን ይልቅ፣ የጭነት ማኅበሩ መሐል ቢገባ ይሻላል። ማኅበሩ ጭነት የሚያደላድል ነው፤ ሾፌሩን ያውቀዋል፣ ባለ መኪናውንም ይይዘዋል። «ማን ያስከፍለዋል?» ላሉት አንድ መልስ ይኸም ነው።

እትዬ፦ እሺ፣ ሁሉን አልክ። የፈራሁትን ግን አላነሣኸውም። መንገዱስ ሰላም ነው ወይ? ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ወልድያና አካባቢዋ በጦርነት ውስጥ ከረሙ። ያም አልፎ ከ2015 መጨረሻ ወዲህ ሌላ ግጭት መጣ። መንገድ ይዘጋል፣ ሾፌር ይታገታል፣ ቤተሰቡ ገንዘብ ይጠየቃል። ልጄን ለየመን አጋች አልሰጥም ብዬ ለሌላ አጋች ላሠልጥነው? ገንዘብ ሰብስበን ካሠለጠንነው በኋላ መንገዱ ለስድስት ወር ቢዘጋ የዕቁቡን ዕዳ ከየት ይከፍላል?

መምህር፦ ከተነሡት ሁሉ የከበደው ይህ ነው፤ አቃልዬ ላልፈው አልችልም። ለሾፌር ደኅንነት መድን የሚሆን ሐሳብ የለኝም፤ ያ የሰላም ጉዳይ ነው፣ ሰላም ደግሞ በማሠልጠኛ አይገኝም። ስለ ገንዘቡ ግን የምለው አለኝ። መንገድ ሊዘጋ የሚችል ከሆነ፣ በአንድ ጊዜ ትልቅ ገንዘብ አውጥቶ በቀጥታ ተሳቢ ላይ መውጣት ከሁሉ የከፋው ምርጫ ነው። የአሽከርካሪ ብቃት ማረጋገጫ ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 1074/2010 መንጃ ፈቃድን በምድብ ከፍሎታል፤ ባለሦስት እግር አለ፣ አውቶሞቢል አለ፣ ሕዝብ አለ፣ ደረቅ ጭነትና ፈሳሽ ጭነት በየደረጃቸው አሉ፣ ልዩ ተንቀሳቃሽ መሣሪያም አለ። አቅም የሌለው ልጅ ከታች ይጀምርና ያሳድግ። በአነስተኛ ጭነት መኪና መርሳ፣ ውርጌሳ፣ ስሪንቃ፣ ወልድያ እያለ እህልና ሽንኩርት ያመላልስ፤ ማታ ቤቱ ይግባ። ከደመወዙ ያስቀመጠውን ይዞ በዓመቱም በሁለት ዓመቱም ቀጣዩን ደረጃ ይሠልጥን። ያን ጊዜ የሚከፍለው በራሱ ገንዘብ ነው፤ እጁም ለከባዱ ተዘጋጅቷል። መንገዱ ቢዘጋ የሚጠፋው ትንሽ ነው። ረጅሙ መንገድ ሲከፈት ደግሞ ይህ ልጅ ከተሳቢ የጀመረውን ባዶ እጅ ጀማሪ ይበልጠዋል። ደግሞም መንጃ ፈቃድ በወልድያ አስፋልት ላይ ብቻ አይሠራም፤ በአዲስ አበባም፣ በሐዋሳም፣ በአዳማም ይሠራል። ገበሬ ግን እርሻውን በረዶ ቢመታው፣ በሬው ቢሞት ወደ ሌላ አገር ይዞት የሚሄደው ነገር የለም።

እትዬ፦ ባቡሩስ? ከአዋሽ በኮምቦልቻ አድርጎ እስከ ሐራ ገበያ ሊመጣ አይደለም እንዴ? ሲመጣ ጭነቱን ሁሉ ይወስዳል ይላሉ።

መምህር፦ የዚያ ባቡር ውል የተፈረመው በ2004 ነው፤ ልጅ ተወልዶ ትምህርት ቤት ገብቷል። ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ–ጂቡቲ ባቡር እንኳ አብዛኛውን ጭነት ከመኪና አልወሰደም። ባቡር ሲመጣ ደግሞ ከጣቢያ ወደ ገበያ የሚያደርስ መኪና ይፈልጋል። ያ አያስፈራኝም።

እትዬ፦ እሺ መምህር፣ ተረታሁ ማለት አይደለም፤ ሐሳቤን አስተካክያለሁ ማለት ነው። እኔ በዕቁባችን ስብሰባ የማነሣው እንዲህ ብዬ ነው። ልጇን የምታሠለጥን እናት የመጀመሪያውን ዕጣ ታግኝ፤ ሁለት ዋስ ትጥራ። ገንዘቡ በእሷ እጅ አይገባ፤ ግማሹ ሲመዘገብ፣ ግማሹ ልምምዱን ሲጨርስ ለማሠልጠኛው ይከፈል፤ ሰዓቱ ሳይሞላ ጨርሷል እንዳይሉን እኛም እንጠይቃለን። ተሳቢ ሳይሆን ከትንሹ ይጀምር። ግን አንድ ነገር ቀረ። ወላጅ የሌለው፣ ዋስ የሚሆነው ያጣ ልጅስ? በጦርነቱ ጊዜ አባቱ የሞተበት፣ እናቱ ዕቁብ የማትጥል ልጅ አለ። ከሁሉ ይልቅ ሥራ የሚያስፈልገው እሱ ነው፤ ዋስ ካላመጣህ ስንለው ደግሞ በሩን የምንዘጋው እኛ ነን።

መምህር፦ ለእሱ ዕቁብ አይበቃም፤ እድር ነው መግባት ያለበት። እድር ለሞተው ሲያዋጣ ለቀረው ልጅም አንድ ጊዜ ሊያዋጣ ይችላል፤ መስጊዱም ቤተ ክርስቲያኑም ለችግረኛ የሚሰበስቡት ገንዘብ አለ፤ ከሳዑዲ የሚልኩ የመንደሩ ልጆችም አሉ። ዋስ የሚሆነው እድሩ ራሱ ይሁን። ልጁ እስኪሠለጥን የሚበላውንም ይጨምሩበት፤ ቀን ሥራ እያሠራችሁ ተማር ብትሉት ልምምዱን ያቋርጣል።

እትዬ፦ ፈተናውን ቢወድቅስ? እድሩ ሁለተኛ ጊዜ አያዋጣም።

መምህር፦ የድጋሚ ፈተናው ክፍያና የጥቂት ተጨማሪ ሰዓታት ልምምድ ዋጋ ከመጀመሪያው ተሰልቶ ለብቻው ይቀመጥ፤ ካልወደቀ ወደ ቀጣዩ ደረጃ ሲያድግ ይጠቀምበታል።